ዝምታ ማስረጃ አይደለም፦ ስለ ጀልባ ሞተር ጌጆችና የማስጠንቀቂያ ድምፆች ከጣና የመስክ ሥራ የተነሣ አስተያየት

በቤተ ሙከራ ውስጥ የሠለጠንን ሰዎች አንድ የጋራ ልማድ አለን፤ ያልተፈተሸ መሣሪያ የሚሰጠውን ንባብ አናምንም። የፒኤች መለኪያችንን ወደ መስክ ከመውጣታችን በፊት 4፣ 7 እና 10 በሆኑ ማስተካከያ ፈሳሾች እንፈትሻለን። የፈተሽንበትን ሰዓት በመስክ ማስታወሻችን ላይ እንጽፋለን። ይህን ያላደረገ ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ መከላከያ ዕለት ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚጠብቀው ያውቃል። ይሁን እንጂ እኛንም፣ መሣሪያችንንም፣ የወራት ድካማችንንም ተሸክሞ ሐይቁን የሚያቋርጠው ሞተር የራሱ መለኪያዎች አሉት። እነዚህን መለኪያዎች የሚፈትሽ፣ የሚያነብ፣ ንባባቸውንም የሚመዘግብ የመስክ ቡድን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው። የጀልባ ሞተር ጌጆችና የማስጠንቀቂያ ድምፆች የነጂው የግል ጉዳይ ሳይሆኑ የምርምር መሣሪያዎቻችን አካል ናቸው፤ በመሆኑም ለሌሎቹ መሣሪያዎች የምናደርገው ጥንቃቄ ይገባቸዋል። በተለይም የማስጠንቀቂያ ድምፅ አለመሰማቱን እንደ ደኅንነት ማረጋገጫ መውሰድ ሳይንሳዊ ስሕተት መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

የጉዳዩ መነሻ

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ ከጣና ሐይቅ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የውኃ ናሙና እሰበስብ ነበር። ጀልባው የኪራይ ሲሆን ሞተሩ ባለ40 የፈረስ ጉልበት ነበር። አንድ ማለዳ ከመነሣታችን በፊት፣ ከመሪው ፊት ካሉት ሦስት ጌጆች አንዱ፣ የሙቀት ጌጁ፣ መርፌው ከታችኛው ጫፍ ንቅንቅ እንደማይል አየሁ። ከሥሩም ጫፉ የተቆረጠ ቀጭን ሽቦ ተንጠልጥሏል።

“ጋሼ፣ ይህ መርፌ ለምን አይንቀሳቀስም?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

ነጂው ከ20 ዓመት በላይ በሐይቁ ላይ የሠሩ፣ ደግና ጥንቁቅ ሰው ናቸው። “እሱ ከቆመ ቆይቷል። ጩኸቱም መንገደኛ እያስደነገጠ ሲያስቸግረን አስቆረጥነው። አይዞሽ ልጄ፣ ዝም ካለ ሰላም ነው” አሉኝ። እኔም የፒኤች መለኪያዬን ወደ ማስተካከል ተመለስሁ።

ከእምቦጩ ምንጣፍ ጠርዝ ላይ የሁለት ጣቢያዎችን ናሙና ወስደን ወደ ሦስተኛው ስናመራ የተቃጠለ ቀለም የሚመስል ሽታ መጣ። ጥቂት ቆይቶም የሞተሩ ድምፅ ከበደና ጸጥ አለ። ቁልፉ ቢዞር አልነሣም አለ። ከቀትር በኋላ የሚመጣው ነፋስም ጀመረ። የነበረን መቅዘፊያ አንድ ብቻ ነው። አሣ አስጋሪዎች ደርሰው በገመድ እስኪጎትቱን ድረስ ሦስት ሰዓት ያህል ማዕበሉ ወደ ወሰደን ስንሄድ ቆየን። ሰው አልተጎዳም፤ ነገር ግን በረዶው ቀልጦ የዕለቱ የክሎሮፊል ናሙናዎች በሙሉ ተበላሹ። በኋላ ሞተሩ ሲፈታ የውኃ ማስገቢያው ወንፊት በእምቦጭ ሥር ተደፍኖ፣ የውኃ ፓምፑ የጎማ ክንፎች ተቆራርጠው፣ አንዱ ፒስተንም ሲሊንደሩን ፍቆ ተገኘ።

ጥፋቱን በነጂው ላይ ጥሎ መሄድ ቀላል ነበር። ግን የተቆረጠውን ሽቦ እኔም አይቻለሁ። ያንኑ ሽቦ በፒኤች መለኪያዬ ላይ ባየው ኖሮ የዚያን ዕለት ጉዞ እሰርዘው ነበር።

ጌጆቹ ምን ይነግሩናል?

ከጀልባ ጀርባ የሚታሰር ሞተር እንደ መኪና ራዲያተር የለውም። የሚቀዘቅዘው በሐይቁ ውኃ ነው። በታችኛው እግሩ ላይ ባለ ወንፊት ውኃ ይገባል፤ ኢምፔለር የሚባል የጎማ ክንፍ ያለው ፓምፕ ወደ ላይ ይገፋዋል። ውኃው ሲሊንደሮቹን ዞሮ ከጭሱ ጋር ተመልሶ ይወጣል። ከዚሁ ውኃ ጥቂቱ በሞተሩ ጀርባ ወይም ጎን ባለች ትንሽ ቀዳዳ በቀጭኑ ሲፈናጠቅ ይታያል። ይህች ቀጭን ውኃ በአብዛኞቹ ሞተሮች ላይ ያለች፣ ባትሪ የማትፈልግ የመጀመሪያዋ ጌጅ ናት። ከቀጠነች ወይም ከተቋረጠች ፓምፑ ወይም መግቢያው ታሟል፤ አለዚያም ቀዳዳዋ ራሷ በደለል ተደፍናለች። ኢምፔለሩ ጎማ በመሆኑና የሚለሰልሰውም በሚገፋው ውኃ በመሆኑ ደረቁን ከዞረ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይበላሻል።

የሙቀት ጌጅና የውኃ ግፊት ጌጅ አብረው ሲነበቡ በተናጠል የማይናገሩትን ይናገራሉ። ግፊቱ ወርዶ ሙቀቱ ከወጣ ችግሩ ከወንፊቱ ወይም ከፓምፑ ነው። ግፊቱ እንዳለ ሆኖ ወይም ከወትሮው ጨምሮ ሙቀቱ ከወጣ ግን ውኃው ወደ ፊት የሚያልፍበት መንገድ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ቴርሞስታቱ ሳይከፈት ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሁለት መለኪያዎችን አዛምዶ መንስኤን መለየት ደግሞ ለእኛ ለተመራማሪዎች እንግዳ ነገር አይደለም።

የዙር መቁጠሪያው፣ በተለምዶ አርፒኤም የምንለው፣ ሞተሩ ከተሸከመው ጭነት ጋር ያለውን ግንኙነት ይናገራል። አምራቾች ለእያንዳንዱ ሞተር ቤንዚኑ ሙሉ በሙሉ ሲሰጥ ሊደርስበት የሚገባውን የዙር ወሰን ያስቀምጣሉ፤ ለብዙ መካከለኛ ባለ4 ስትሮክ ሞተሮች ይህ በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ነው። ከወሰኑ በታች መቅረት ሞተሩ ከአቅሙ በላይ እንደሚጎትት፣ ከወሰኑ በላይ መሄድም ፕሮፔለሩ ውኃውን በሚገባ እንዳልያዘ ያሳያል።

የቮልት ጌጅ ብዙ ጊዜ ይናቃል። ሞተሩ ሳይነሣ የተሞላ ባለ12 ቮልት ባትሪ 12.6 ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። እየነዱ ከ13 በታች ከወረደና ከዚያም መውረዱን ከቀጠለ ባትሪው እየሞላ አይደለም። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ መርጫ የሚጠቀሙ ሞተሮች ቮልቱ በጣም ሲወርድ ከነጤንነታቸው ይቆማሉ።

የማስጠንቀቂያው ድምፅ እንዴት ይሠራል?

ጌጅ አዝማሚያን ያሳያል፤ አላርም ግን ወሰን ሲታለፍ ብቻ ይናገራል። በብዙ ሞተሮች ላይ የሙቀት ማስጠንቀቂያው በሲሊንደሩ ራስ ላይ የተተከለ ቀላል መሣሪያ ነው። ሙቀቱ ከተወሰነው በላይ ሲሆን በውስጡ ያለው ብረት ተጣምሞ ሁለት ነጥቦችን ያገናኛል፤ መስመሩ ሲገናኝም ጩኸቱ ይሰማል። የዘይት ግፊት ማስጠንቀቂያም ተመሳሳይ መርሕ አለው። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ከጩኸቱ ጋር ዙሩ በራሱ እንዲቀንስ ይደረጋል። ይህን የማያውቅ ሰው ቤንዚን ያነሰ ይመስለውና ጨምሮ ይሰጣል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እሻለሁ። የዚህ ዓይነቱ መስመር የሚጮኸው ሲገናኝ ነው። ሽቦው ከተቆረጠ፣ ጫፉ ከዛገ፣ ወይም ጯኺው ራሱ ከተቃጠለ ውጤቱ ዝምታ ነው። ጤነኛ ሞተር የሚሰጠውም ውጤት ያው ዝምታ ነው። ሁለቱ ዝምታዎች በጆሮ አይለዩም።

በቤተ ሙከራ ይህን ችግር የፈታነው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። አንድ ምርመራ “የለም” የሚል ውጤት ሲሰጥ፣ መኖሩ በተረጋገጠ ናሙና ላይ “አለ” ማለት መቻሉን ካላየን ውጤቱን አንቀበልም። ፖዘቲቭ ኮንትሮል የምንለው ይህ ነው። የጀልባ ሞተርም የራሱ ፖዘቲቭ ኮንትሮል አለው። በብዙ ሞዴሎች ላይ ቁልፉ ሲከፈት ጯኺው ለአፍታ ይጮኻል ወይም መብራቶቹ በርተው ይጠፋሉ። ይህ የሰላምታ ድምፅ አይደለም፤ መስመሩ በሕይወት ያለ ስለ መሆኑ የሚሰጥ ምስክርነት ነው። ይህ በማይደረግባቸውና ሴንሰራቸው ቀላል የማገናኛ ዓይነት በሆነ ሞተሮች ላይ ደግሞ መካኒክ ቁልፉን ከፍቶ የሴንሰሩን ሽቦ ከሞተሩ ብረት ጋር በማስነካት ጩኸቱን ሊያረጋግጥ ይችላል። ጠዋት ያልጮኸ አላርም ቀን ዝም ማለቱ ምንም አይነግረንም።

ሁሉም ጩኸት አንድ ዓይነት ምላሽ እንደማይፈልግም ማወቅ ያሻል። የሙቀት ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ወዲያው ሚኒሞ ላይ አድርጎና ማርሹን ፎሌ ላይ አውጥቶ የምትፈናጠቀዋን ውኃ ማየት ነው። ውኃ ከሌለ ሞተሩን አጥፍቶና እግሩን አንሥቶ ወንፊቱን መጥረግ፣ ሞተሩም እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ይገባል። የዘይት ግፊት ማስጠንቀቂያ ግን ድርድር የለውም፤ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። የቮልት መውረድ ደግሞ ተቃራኒውን ይጠይቃል። አላስፈላጊ መብራትና መሣሪያ አጥፍቶ፣ ሞተሩን ሳያቆሙ ወደ ዳርቻ መመለስ ነው፤ አንዴ ከጠፋ ላይነሣ ይችላልና።

ጣና የራሱ ጥያቄ አለው

እነዚህ ሞተሮች በአመዛኙ የሚሠሩት ለባሕር ጠለል ከፍታ ነው። ጣና ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ይህ ከፍታ ሁለት ነገሮችን ይለውጣል።

የመጀመሪያው ጉልበት ነው። አየሩ የሳሳ በመሆኑ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። በጣና ላይ ኪሳራው ወደ 18 በመቶ ይጠጋል። ባለ40 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር እዚህ የሚሰጠው 33 ገደማ ነው ማለት ነው። በፋብሪካ የመጣለት ፕሮፔለር ሳይለወጥ፣ መሣሪያና ሰው ተጭኖበት ሲነዳ የዙር ወሰኑ ላይ ሳይደርስ ቀኑን ሙሉ ሲያቃስት ይውላል። ድምፁ የለመድነው ስለሆነ ጤነኛ ይመስለናል። አለመሆኑን የሚነግረን አርፒኤሙ ብቻ ነው። መፍትሔውም ቅርብ ነው፤ የፕሮፔለሩ ፒች በአንድ ኢንች ሲቀንስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ያህል ይጨምራል።

ሁለተኛው የመፍያ ነጥብ ነው። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። የመኪና ራዲያተር በክዳኑ ግፊት ይዞ ይህን ነጥብ ከፍ ያደርገዋል። የጀልባ ሞተር ማቀዝቀዣ ግን ለሐይቁ ክፍት ነው። ስለዚህ በባሕር ላይ ካለው ሞተር ይልቅ የእኛው ሞተር ወደ እንፋሎት ለመድረስ የቀረው ርቀት ያጠረ ነው። እንፋሎት ደግሞ እንደ ውኃ ሙቀትን ጠርጎ አይወስድም።

በዚህ ላይ የሐይቁ ጠባይ ይጨመራል። ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ የሆነ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። በክረምት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚያመጡት ደለል በኢምፔለሩ ውስጥ ሲያልፍ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መታየቱ የተነገረው እምቦጭም በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻዎች ተስፋፍቷል። ሥሩ የውኃ ማስገቢያ ወንፊትን ለመድፈን የተፈጠረ ያህል ነው። የሚያሳዝነው ነገር እኛ ናሙና ፍለጋ የምንሄደው በትክክል ወደ እነዚህ ቦታዎች መሆኑ ነው፤ ወደ ወንዝ መግቢያዎች፣ ወደ ደለሉ፣ ወደ እምቦጩ ጠርዝ። ገዳማትን ሊሳለም ወይም ሊጎበኝ የሚሄድ መንገደኛ በንጹሕ ውኃ ላይ ሲያልፍ ተመራማሪው ሞተሩ በሚታመምበት ስፍራ ውሎ ይመለሳል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ልምድ ያለው ነጂ በጆሮውና በዓይኑ ሁሉን ያውቃል የሚል ነው። ይህን አቃልዬ አላየውም። የምትፈናጠቀዋን ውኃ በየጊዜው ዞሮ የሚያይ ነጂ ከማንኛውም አላርም ይቀድማል። ነገር ግን ነጂው ፊቱን ወደ ማዕበሉ አድርጎ የሚነዳ ሰው ነው፤ ውኃዋ ከጀርባው ናት። የዘይት ግፊት ደግሞ ከመውረዱ በፊት አይሸትም፣ አይታይም። ድምፁ ሲለወጥ ጉዳቱ ደርሷል። ጌጁ ልምድን የሚተካ ሳይሆን ልምድ የማይደርስበትን የሚያሳይ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ አላርሞች በከንቱ ይጮኻሉ የሚል ነው። እውነት ነው፤ የዛገ ሴንሰርና የላላ ሽቦ በከንቱ ይጮኻሉ። ነገር ግን የሐሰት ጩኸት ራሱ መረጃ ነው፤ የሚነግረንም መስመሩ ጥገና እንደሚሻ ነው። በጥናታችን ውስጥ ያልጠበቅነው ንባብ ሲመጣ መንስኤውን እንፈልጋለን እንጂ የመለኪያውን ገመድ አንቆርጥም።

ሦስተኛውና ክብደት ያለው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። የጀልባ ባለቤቶች ገቢ ወቅትን ተከትሎ ከፍና ዝቅ የሚል ነው። መለዋወጫ ውድ ነው፤ በተፈለገ ጊዜም አይገኝም። ሽቦው የተቆረጠው በክፋት ሳይሆን ሴንሰሩን ከመለወጥ መቁረጡ ስለሚረክስ ነው። ይህን ተቃውሞ እቀበላለሁ፤ መደምደሚያውን ግን አልቀበልም። ወጪው የነጂው ብቻ የሆነው እኛ የጀልባ ኪራይን በቀን ሒሳብ ብቻ ስለምናስበው ነው። ለሬጀንት፣ ለበረዶና ለውሎ አበል በጀት የሚይዝ የምርምር ዕቅድ ለአንድ ኢምፔለርና ለአንድ ሴንሰር የማይዝበት ምክንያት አይታየኝም።

ምን ይደረግ?

የማቀርባቸው ሐሳቦች አራት ናቸው፤ ከባድ መዋቅርም አይጠይቁም።

አንደኛ፣ በውኃ አካላት ላይ የሚሠሩ የትምህርት ክፍሎች ለአዲስ ተማሪዎች በሚሰጡት የመስክ ዝግጅት ውስጥ ግማሽ ቀን ለጀልባ ሞተር ይመድቡ። አስተማሪዎቹም መካኒኮችና የሐይቁ ነጂዎች ራሳቸው ይሁኑ።

ሁለተኛ፣ ከመነሣት በፊት አምስት ደቂቃ የሚወስድ ፍተሻ ይደረግ። ቁልፍ ሲከፈት የአላርሙ መጮህ፣ የባትሪው ቮልት፣ የዘይት መጠን፣ ሞተሩ ሲነሣ የምትፈናጠቀዋ ውኃ፣ ሁለት መቅዘፊያ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የመንሳፈፊያ ጃኬት ይታይ። ውጤቱ በመስክ ማስታወሻው የመጀመሪያ ገጽ፣ ከፒኤች ማስተካከያው ጎን ይጻፍ። በየጣቢያው ናሙና ሲወሰድም ሙቀት፣ ዙርና ቮልት አብረው ይመዝገቡ። እየቀጠነ የሄደ ጤና የሚታየው በተከታታይ ንባብ ነውና።

ሦስተኛ፣ የኪራይ ውላችን የሚሠራ አላርምና መለዋወጫ ኢምፔለር ይጠይቅ፤ በልዋጩም ተጨማሪውን ወጪ የምርምር በጀቱ ይሸከም።

አራተኛ፣ የጩኸቶቹን ትርጉም የሚያስረዱት የአምራቾች መመሪያዎች በእጃችን ያሉት በባዕድ ቋንቋ ነው። ተከታታይ ጩኸት ምን ማለት እንደሆነ፣ የሚቆራረጥ ጩኸትም ምን እንደሚል ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። የእያንዳንዱን ሞተር መመሪያ አንብቦ በአንድ ገጽ አማርኛ አዘጋጅቶ፣ ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ሸፍኖ ከመሪው ፊት መለጠፍ የአንድ ድኅረ ምረቃ ተማሪ የሁለት ቀን ሥራ ነው። እኔ ለተሳፈርንበት ጀልባ ይህን ሠርቻለሁ። ወረቀቱን ስሰጣቸው ነጂው ከላይ እስከ ታች አንብበውት፣ “ይህን ያህል ዘመን ምን እንደሚለኝ ሳላውቅ ነው ለካ አፉን ያስዘጋሁት” አሉኝ።

መደምደሚያ

የቆረጥነው ድምፅ ብዙ ጊዜ ያልገባን ድምፅ ነው። ነጂው ትርጉሙን የሚያስረዳቸው ባለመኖሩ ሽቦውን አስቆረጡ፤ እኔ ደግሞ መለኪያን ማንበብ ተምሬ ሳለሁ ያ መለኪያ የእኔ ስላልመሰለኝ አለፍሁት። ከሁለታችን ይበልጥ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ለአንባቢ ፍርድ እተወዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ባደረግኋቸው ጉዞዎች ቁልፉ ሲከፈት የምትሰማዋን አጭር ጩኸት ሳልሰማ ጀልባው ከዳርቻ እንዲነሣ አልፈቅድም። በማስታወሻዬም “አላርም፦ ጮኋል፣ 12፡40” ብዬ ከጻፍሁ በኋላ ነው ወደ ፒኤች መለኪያዬ የምሄደው።